ቅጂውና ዋናው፦ በሞላሌ ጠላ ቤት የ“ተቀበል” ግጥም ባለቤት ማን ነው?

1. መግቢያ

“ቀዳ” የሚለው ግሥ በአማርኛ ብዙ ሥራ አለበት። ውኃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ጠላ ከጋን ይቀዳል፤ ጽሑፍ ከጽሑፍ ይቀዳል፤ ድምፅም በካሴት ይቀዳል። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው እነዚህ የግሡ ፍቺዎች በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ምሽት ከተገናኙበት አጋጣሚ ነው። አንዲት ሴት ጠላ ትቀዳ ነበር፤ እኔም ድምፅ እቀዳ ነበር። እሷ የቀዳችውን ጠጪው አውቆ ጠጣው። እኔ የቀዳሁትን ግን ማን እንደቀዳልኝ ሳላውቅ በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ አሰፈርሁት።

ነገሩ የሆነው በ1996 ዓ.ም. ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ የሚሆን ቃል ግጥም ለመሰብሰብ ወደ ሞላሌ ሄድሁ። ሞላሌ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወደዚያ የሚሄደው መንገድ ጣርማ በር ላይ ከደሴው አውራ ጎዳና ተገንጥሎ በመዘዞ በኩል ያልፋል። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና በግ፣ ብርድና ባና የሚታወቁበት። ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግን መንዝ ሌላም ስም አለው። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ የአማራውን ገበሬ ሕይወት የገለጹት በመንዝ በቆዩበት ጊዜ ባዩት ላይ ተመሥርተው ሲሆን፣ ለመጽሐፉ የሰጡትም ርእስ “ሰምና ወርቅ” የሚል ነው። እኔም ያን መጽሐፍ አንብቤ ነበርና፣ ወርቁን ከምንጩ እቀዳለሁ ብዬ ካሴቴን ተሸክሜ ወጣሁ።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለማሳየት እሞክራለሁ። አንደኛ፣ በጠላ ቤትና በአዝማሪ ቤት የሚባለው ግጥም እንዴት እንደሚሠራ አስረዳለሁ። ሁለተኛ፣ እኔ በዚያ ጥናት የፈጸምሁትን ስሕተት አመለክታለሁ። ሦስተኛ፣ የአሁኖቹ ተማሪዎች ይህን ስሕተት እንዳይደግሙት የሚረዳ የአሰባሰብ ዘዴ አቀርባለሁ። የጽሑፉ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፤ በእነዚህ ቤቶች ዘፋኙ አዝማሪው ቢሆንም ገጣሚው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ አንዳንዴ መጠጥ የምታሳልፈው ሴት ናት።

2. የቤቱ ሥርዐት

“አዝማሪ” የሚለው ቃል ዘመረ ከሚለው የግእዝ ግሥ ጋር ሥሩ አንድ ነው። ቃሉ ከቤተ ክርስቲያኑ መዘምር ጋር ዘመድ ቢሆንም በማኅበረሰቡ ዘንድ ያገኘው ክብር ግን ያን ያህል አይደለም። አዝማሪ ይወደዳል፤ ይፈራል፤ ይናቃልም። መሣሪያው መሰንቆ ነው፤ አራት ማዕዘን ሆኖ ቆዳ የለበሰ ገላ፣ አንድ የፈረስ ጭራ አውታርና በጭራ የተወጠረ ደጋን። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ አዝማሪ ባወጡት ጽሑፍ ርእስ ላይ “የኢትዮጵያ ባለቅኔ ሙዚቀኛ” ብለው ጠርተውታል። አጠራሩ ለአዝማሪው የሚገባውን ክብር ይመልስለታል። ነገር ግን “ባለቅኔ” የሚለውን ቃል እንደወረደ ከተቀበልነው አንድ ነገር ይሰወርብናል፤ በቤቱ ውስጥ ያሉት ሌሎች ባለቅኔዎች።

በገበያ ቀን ማታ በሞላሌ ያየሁትን ሥርዐት በአጭሩ ልግለጽ። አዝማሪው ወደ ቤቱ ሲገባ በመጀመሪያ ቤቱንና ባለቤቲቱን ያወድሳል። ቀጥሎ በመደቡ ላይ ከተቀመጡት እየተነሣ አንድ በአንድ ይዞራል። የማያውቀውን ሰው ስሙን ይጠይቃል፤ ወይም ከአጠገቡ ካለው ሰው በጆሮው ይቀበላል። ስሙን፣ አገሩን፣ ሥራውን፣ የመጣበትን ጉዳይ በግጥም አድርጎ ይመልስለታል። የተወደሰው ሰው ገንዘብ ያወጣል፤ ደስ ያለው በግንባሩ ይለጥፍለታል፤ ያላማረው ፊቱን ያዞራል። እስከዚህ ድረስ ገጣሚው አዝማሪው ራሱ ነው ማለት እንችላለን።

ሁለተኛው ክፍል የሚጀምረው ከጠጪዎቹ አንዱ “ተቀበል!” ያለ ጊዜ ነው። ዘፋኟ ሴት ከሆነች “ተቀበይ!” ይላታል። ይህች አንዲት ቃል የቤቱን ሥልጣን ታዛውራለች። እስከዚያ ድረስ ሲያዳምጥ የነበረው ሰው ገጣሚ ይሆናል፤ እስከዚያ ድረስ ሲገጥም የነበረው አዝማሪ ደግሞ ተቀባይ ይሆናል። ሰውየው ግጥሙን ያለ ዜማ፣ እንደ ንግግር አድርጎ ይሰጣል። አዝማሪውም አንዴ ብቻ ሰምቶ፣ መሰንቆውን ሳያቋርጥ፣ በዜማ ይመልሰዋል። በየወል ቤት የተሠራ አንድ ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም በየስንኙ 12 ቀለም ስላለው፣ ተቀባዩ በአንድ ጊዜ 24 ቀለም ሰምቶ መያዝ አለበት ማለት ነው። ይህ ራሱን የቻለ ትልቅ ሙያ ነው። ሆኖም ግጥሙን የመፍጠር ሙያ አይደለም፤ የመቀበል ሙያ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ “ሰጪ” ስል ግጥሙን በንግግር ለአዝማሪው የሚያቀብለውን ሰው፣ “ተቀባይ” ስል ደግሞ በዜማ የሚመልሰውን አዝማሪ ማለቴ ነው።

3. አሳላፊዋ

በዚህ ሥርዐት ውስጥ ቆማ የምትውል አንዲት ሰው አለች። ጣሳውን ትሞላለች፤ ታቀርባለች፤ ባዶውን ትሰበስባለች። “አሳላፊ” የሚለው ስያሜ ግሩም ነው። አሳላፊ መጠጥን ከጋኑ ወደ ጠጪው የምታሳልፍ ናት፤ ነገር ግን የምታሳልፈው መጠጥ ብቻ አይደለም። ማን ዛሬ በሬ እንደሸጠ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን ዕዳ እንዳለበት፣ ማን ሐዘን ላይ እንደሆነ ታውቃለች። ሁሉም በፊቷ ይጫወታል፤ እንዳለች የሚቆጥራት ግን የለም። አዝማሪው ከውጭ የመጣ ሰው እንደ መሆኑ ይህ ዕውቀት ያስፈልገዋል። እሷም ጣሳ ለማንሣት ጎንበስ ስትል ቃል ጣል ታደርግለታለች።

በቤተ መንግሥት ግብር ጊዜ ጠጅ አሳላፊውና አዝማሪው ሁለት የተለያየ ሹመትና ሥራ የነበራቸው ሰዎች ነበሩ። በትንሹ ጠላ ቤት ግን ድንበሩ ይሳሳል። ባለቤቲቱ እንግዳ ተቀባይ፣ ሒሳብ ያዥና ግጥም ሰጪ ልትሆን ትችላለች፤ አሳላፊዋም እንዲሁ። ልዩነቱ ግን አለ። ጠጪው “ተቀበል!” ብሎ በሙሉ ድምፅ ይሰጣል፤ ሁሉም ሰው ሰጪው ማን እንደሆነ ያያል። አሳላፊዋ ግን “ተቀበል” አትልም። የአዝማሪው አጠገብ ስትደርስ በዝግታ ትሰጣለች። ቤቱ የሚሰማው የአዝማሪውን ድምፅ ነው፤ የሚስቀውም፣ የሚሸልመውም አዝማሪውን ነው።

4. የቀዳሁትና ያልሰማሁት

በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ በሞላሌ ከቀዳኋቸው ግጥሞች አንዱን ለይቼ ረዘም ያለ ትንታኔ ሰጥቼው ነበር። ግጥሙ በአንደኛ መደብ የቀረበ፣ “እኔን” የሚል ነበር። አዝማሪው ስለ ራሱ ሙያ ያቀረበው እሮሮ ነው አልሁ። ሁሉ የሚያዘው፣ ማንም ማንነቱን የማይጠይቀው ከያኒ፤ ይወደዳል፤ ይናቃል፤ እያልሁ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍሁ። አማካሪዬም ወደዱት፤ ፈታኞቹም አልተቃወሙም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እኔም መምህር ሆኜ፣ አሮጌዎቹን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር አስገልብጬ በክፍል ውስጥ አሰማሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና “መምህር፣ ከኋላ ያለችው ሴትዮ ማናት?” አለችኝ። የቷ ሴትዮ አልሁ። መልሼ አጫወትሁት። ከአዝማሪው ድምፅ በፊት፣ ከጣሳ መጋጨት ጋር ተቀላቅሎ፣ ዝቅ ያለ የሴት ድምፅ አለ። ሁለቱንም ስንኞች ትሰጣለች። ከዚያ መሰንቆው አንድ ዙር ይዞራል፤ አዝማሪው ይቀበላል። ያ እሮሮ የአዝማሪው አልነበረም። “እኔን” ያለችው እሷ ነበረች።

ግጥሙን እዚህ አላሰፍረውም፤ በሕይወት ያለ ሰው የቤት ጉዳይ ይነካልና። የችግሩን ባሕርይ ለማሳየት ያህል ግን እኔው ራሴ በዚያው አሠራር የገጠምሁትን ምሳሌ ላቅርብ። አሳላፊዋ እንዲህ ብላ ሰጠች እንበል፦

የመጣው ሁሉ ቅጂ ቅጂ ይላል፤
ዋናው የት እንዳለ ማን ጠይቆኝ ያውቃል።

ሰሙ ግልጽ ነው፤ የመጣው ጠጪ ሁሉ “ጠላ ቅጂ” እያለ ያዛታል፤ ዋናው መጠጥ፣ ጋኑ፣ የት እንዳለ ግን የሚጠይቃት የለም። ወርቁ ደግሞ ቅጂ በሚለው ስምና ዋና በሚለው ቃል ላይ ያርፋል፤ ሰው የሚፈልገው ግልባጩን ነው፤ ዋናው ከማን እንደተገኘ አይጠይቅም። የቃሉ መጥበቅና መላላት በጽሑፍ ስለማይታይ ሁለቱ “ቅጂ”ዎች በአንድ ፊደል ተደብቀዋል።

አሁን አዝማሪው ሲቀበል ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። በመጀመሪያው ስንኝ ላይ ሰጪዋ አንድ ቀለም አጉድላለች፤ “የመጣው ሁሉ” 5 ቀለም ብቻ ነው። አዝማሪው ጆሮው ስለሚያውቅ “የመጣው ሰው ሁሉ” ብሎ 6 አድርጎ ይሞላዋል። ይህ የተቀባይ አርትዖት ነው። በሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ሁለት ምርጫ አለው። “ማን ጠይቆኝ ያውቃል” ብሎ እንደ ተሰጠው ሊመልሰው ይችላል፤ ወይም “ማን ጠይቋት ያውቃል” ብሎ ሊለውጠው ይችላል። ቀለሙ በሁለቱም ልክ ነው፤ ትርጉሙ ግን አንድ አይደለም። በ“ጠይቋት” ካለፈ አድማጩ ወደ አሳላፊዋ ዘወር ይላል። በ“ጠይቆኝ” ካለፈ ግን በቤቱ ያሉት ማን እንደሰጠ ያዩ ሰዎች “እኔ” የምትለው እሷ እንደሆነች ይረዳሉ። ካሴቱን ብቻ የሚሰማው አጥኚ ደግሞ “እኔ” የሚለው አዝማሪው ነው ብሎ ይጽፋል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ጉዳዩ የስም ዝርዝር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰጪው ሲጠፋ ፍቺው አብሮ ይጠፋል። እኔ የአዝማሪ እሮሮ ብዬ የተነተንሁት ግጥም በእውነቱ የአንዲት አሳላፊ እሮሮ ነበር፤ ማንም ማንነቷን አይጠይቃትም ስትል እኔም ሳልጠይቃት ተመለስሁ።

5. ከጠላ ቤት ወደ ከተማው አዝማሪ ቤት

ይህ ነገር የሞላሌ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ወደ አዲስ አበባ መሻገር ያስፈልጋል፤ አዝማሪው ከገጠሩ ጠላ ቤት ወደ ከተማው ሲገባ ሥርዐቱን ይዞ ገብቷልና። በደርግ ዘመን የነበረው ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ጨዋታ አጥብቦት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን አዝማሪ ቤቶች በተለይ በካዛንቺስ አካባቢ ተበራከቱ። በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ከታተመው “ኢትዮፒክስ” ከተሰኘው የሙዚቃ ተከታታይ ሁለተኛው ቅጽ ለእነዚሁ የከተማ አዝማሪዎች የተሰጠ ነው። ከቤቶቹ ስመ ጥር የሆነው ፈንድቃ በተወዛዋዡ መላኩ በላይ እጅ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት አድጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፈር ለልማት ሲፈርስ ፈንድቃም ከቆየበት ቦታ ተነሥቷል።

በከተማው አዝማሪ ቤት ዘፋኙ በጠባቧ ክፍል ውስጥ ከእንግዳ እንግዳ እየዞረ ስም ይጠይቃል፤ እንግዳውም ግጥም ይሰጣል። በሌላ በኩል እንደ ዮድ አቢሲኒያና ሐበሻ 2000 ባሉት ባህላዊ ምግብ ቤቶች ዘፈኑና ውዝዋዜው በመድረክ ላይ ይቀርባል፤ አስተናጋጁ ምግቡን በመሶብ ያቀርባል፤ እንግዳው እየበላ ይመለከታል። ትርኢቱ የተዋጣለት ነው። ነገር ግን መድረክ ሲመጣ “ተቀበል” ቦታ ያጣል። እንግዳው ከሰጪነት ወደ ተመልካችነት ይወርዳል። አዝማሪ ቤት ሲፈርስ የምናጣውም ይህንኑ ነው፤ መሰንቆው ሌላ መድረክ ያገኛል፤ ሰጪው ግን የሚሰጥበት ቤት አያገኝም።

ዘፋኝና አስተናጋጅ በአንድ ሰው የሚገናኙበት ሥራ በውጭው ዓለምም አለ። በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ የሚገኘው የኤለን ስታርደስት ምግብ ቤት በዚህ ይታወቃል። አስተናጋጆቹ በሙዚቃዊ ቲያትር ሥራ ለማግኘት የሚጥሩ ዘፋኞች ናቸው፤ ሳህን ይዘው በጠረጴዛዎቹ መካከል እየዞሩ ይዘፍናሉ። የሚዘፍኑት ግን ቀድሞ የተደረሰና የደራሲው ስም የታወቀ ዘፈን ነው።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው የቆየ ምሳሌ የኢርቪንግ በርሊን ነው። ከሩሲያ ግዛት በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደው እስራኤል ቤይሊን በኒው ዮርክ የቻይናዎች ሰፈር በነበረ ፔልሃም በተባለ መጠጥ ቤት እየዘፈነ ያስተናግድ ነበር። የቤቱ ባለቤት አስተናጋጁ ዘፈን እንዲደርስለት ፈለገ፤ የጎረቤት ተፎካካሪ ቤት ሰዎች ደርሰው ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1907 የግጥሙ ደራሲ ይኸው አስተናጋጅ የሆነ ዘፈን ታተመ። በታተመው ወረቀት ላይ ስሙ “አይ. በርሊን” ተብሎ ሰፈረ፤ እሱም ያንኑ ስም ይዞ በአሜሪካ ዘፈን ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ። ስሙ ተለውጦ ቢታተምም ታትሟል። በሞላሌዋ አሳላፊና በኒው ዮርኩ አስተናጋጅ መካከል ያለው ልዩነት የችሎታ ነው ብሎ ለመናገር ምንም ማስረጃ የለኝም። የማውቀው አንዱ ስሙን የሚጽፍለት ወረቀት ማግኘቱን፣ ሌላዋ ደግሞ እኔን ማግኘቷን ነው።

6. ሦስት ተቃውሞዎችና መልሳቸው

አንደኛው ተቃውሞ፣ ሥነ ቃል የጋራ ሀብት ስለሆነ ደራሲ መፈለግ የጽሑፍ ዓለም ልማድ ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው። ሰጪው የሰጠውን ግጥም ከሌላ ሰው ሰምቶት ሊሆን ይችላል፤ ያኛውም ከሌላ። ነገር ግን እኔ የምጠይቀው የመጀመሪያው ፈጣሪ ማን ነው ብዬ አይደለም። የምጠይቀው በዚያች ሌሊት፣ በዚያ ቤት፣ ለዚያ ጉዳይ ያንን ግጥም መርጦ የሰጠ ማን ነው ብዬ ነው። አሮጌ ግጥም እንኳ በአዲስ ሰጪ አፍ አዲስ ትርጉም ያገኛል። ይህን መመዝገብ የጋራ ሀብትነቱን አይነካም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከንድፈ ሐሳብ የሚመጣ ነው። ሚልማን ፓሪና አልበርት ሎርድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በዩጎዝላቪያ፣ በረመዳን ወር ሌሊት በቡና ቤቶች ለሚሰበሰቡ እንግዶች የሚያዜሙ ዘፋኞችን አጥንተዋል። ሎርድ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት መጽሐፍ ዘፋኙ ግጥሙን የሚደርሰው እያዜመ እንደሆነ፣ ደራሲነትና ክዋኔም አንድ ድርጊት እንደሆኑ አስረድተዋል። ይህን ሐሳብ እንደወረደ ወደ እኛ ካመጣነው አዝማሪው ገጣሚም ከዋኝም ነው ማለት ነው። ለውዳሴው ክፍል ይህ ይሠራል። ለ“ተቀበል” ክፍል ግን አይሠራም። በእኛ ቤት ድርሰትና ክዋኔ በሁለት አፍ ተከፍለዋል፤ በመካከላቸውም የመሰንቆ አንድ ዙር አለ። ሥርዐታችን ከሌላው የሚለይበትን ነጥብ በተውሶ ንድፈ ሐሳብ መሸፈን አይገባንም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ነው። አሳላፊዋ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው እንዳትታወቅ ፈልጋ ቢሆንስ? “ተቀበል” የሚለው ሥርዐት አንዱ ጥቅሙ ኀላፊነትን ማከፋፈል ነው። አዝማሪው “እኔ የሰጡኝን ነው ያልሁት” ይላል፤ ሰጪው ደግሞ በአዝማሪው ዜማ ይከለላል። ይሁን እንጂ ቃል የሚያስቀጣበት ዘመን ሲመጣ የሚቀጣው የሚታየው አፍ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለበት በኋላ፣ የኢጣሊያ ወራሪ መንግሥት ጠንቋይና ባሕታዊ ካላቸው ጋር በየአገሩ እየዞሩ የሚያዜሙትንም እያደነ እንዲገደሉ አዝዟል። አዝማሪው ስሙ የሚነሣው ለሽልማት ብቻ አይደለም ማለት ነው። አዝማሪዎች ከሌላው ሰው የሚሰውሩበት የራሳቸው የውስጥ ቋንቋ እንዳላቸው ቮልፍ ሌስላውን የመሳሰሉ ሊቃውንት መመዝገባቸውም የመሰወርን አስፈላጊነት ያስታውሰናል።

ስለዚህ መልሴ፣ የሰጪው ስም በግድ ይውጣ የሚል አይደለም። ስሟ እንዳይጻፍ የፈለገች ሴት ስሟ አይጻፍ። ነገር ግን ስሟ አለመጻፉ አንድ ነገር ነው፤ ግጥሟ በሌላ ሰው ስም መጻፉ ሌላ ነገር ነው። “ሰጪ፦ አሳላፊ ሴት፤ ስሟ በፈቃዷ ያልተገለጸ” ብሎ መጻፍ ምስጢሯንም፣ እውነቱንም ይጠብቃል። እኔ ግን “ገጣሚ፦ አዝማሪ” ብዬ ነበር የጻፍሁት።

7. ለአሰባሰብ የሚረዳ ሐሳብ

ከዚህ በላይ የተመለከተውን መሠረት በማድረግ፣ በጠላ ቤት፣ በጠጅ ቤትና በአዝማሪ ቤት ቃል ግጥም ለሚሰበስቡ ተማሪዎች የሚከተለውን አቀርባለሁ።

ሀ/ የመዝገቡ ቅጽ “መረጃ አቀባይ” የሚል አንድ ሣጥን ብቻ አይኑረው። ሰጪ፣ ተቀባይና የተባለለት ሰው በየራሳቸው ቦታ ይጻፉ። ሰጪውና ተቀባዩ አንድ ሰው ከሆኑም ይኸው በግልጽ ይመልከት።

ለ/ ግጥሙ ሁለት ጊዜ ይጻፍ፤ አንዴ በንግግር እንደ ተሰጠ፣ አንዴ በዜማ እንደ ተመለሰ። ተቀባዩ የጨመረው ቀለም፣ የለወጠው መደብና ጾታ የሚታየው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። የአዝማሪው ትክክለኛ ሙያም በዚያው ይገለጣል፤ ስለዚህ ይህ አሠራር አዝማሪውን የሚያሳንስ አይደለም።

ሐ/ መቅጃው ከአዝማሪው ፊት ብቻ አይቀመጥ። እኔ የአዝማሪውን ድምፅ ጥራት ፈልጌ ካሴቱን ከመሰንቆው ሥር አስቀምጬ ነበር፤ የሴትዮዋ ድምፅ የተገኘው በዕድል ነው። ዛሬ በየእጃችን ያለው ስልክ ስለሚቀዳ፣ ሁለተኛ መቅጃ በጋኑ በኩል ማስቀመጥ አያስቸግርም። ለሁለቱም ግን ከባለቤቲቱና ከታዳሚው ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መ/ ቤቱ ሲዘጋ ወዲያው አይወጣ። ጠጪዎቹ ከሄዱ በኋላ ጣሳ የሚያጥቡትን ሰዎች ጠይቁ። የምሽቱን ግጥም ማን ለማን፣ ስለ ምን እንደሰጠ አጥርተው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እኔ በዚያ ምሽት ብርዱን ፈርቼ ካሴቴን ጠቅልዬ ቶሎ ወጣሁ።

8. ማጠቃለያ

ባለፉት ዓመታት ወደ ሞላሌ ተመልሼ ነበር። ቤቱ ዛሬ የሸቀጥ መደብር ሆኗል። ስለ ሴትዮዋ የጠየቅኋቸው አንድ አዛውንት “የቷ? ብዙ ልጆች ነበሩ እኮ የሚቀዱ” አሉኝ። ስሟን ባውቅ ኖሮ እንኳ እሷ ሳትፈቅድ እዚህ አልጽፈውም ነበር። ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አደረግሁት። በእጄ ባለው የመመረቂያ ጽሑፌ ቅጂ ላይ፣ በዚያ ግጥም አጠገብ፣ “ገጣሚ፦ አዝማሪ” የሚለውን ሰርዤ “ሰጪ፦ አሳላፊ ሴት፣ ሞላሌ፣ 1996 ዓ.ም.፤ ተቀባይ፦ አዝማሪ” ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ በታች ያለውን የአንድ ገጽ ትንታኔም በእርሳስ ከዳር እስከ ዳር ሰረዝሁት።

ያ ቅጂ አሁን በክፍል ውስጥ ማስተማሪያዬ ነው። ተማሪዎቼ ወደ መስክ ከመውጣታቸው በፊት የተሰረዘውን ገጽ አሳያቸዋለሁ። ከዚያ ካሴቱን አሰማቸዋለሁ፤ መሰንቆው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ እስኪለዩ ድረስም መልሼ መላልሼ አጫውተዋለሁ።